የአሮጌ ቮልስ ዋጋ ከኋላ ፓራውልቷ ይነበባል

የአሮጌ መኪና ዋጋ እንደ ቡናና እንደ ሰሊጥ በሰሌዳ ላይ ተጽፎ አይገኝም። ሻጭ፣ ደላላና ገዢ መኪናዋን ሁለት ሦስት ጊዜ ዞረው፣ ኮፋኖ ከፍተው፣ ጎማ ረግጠው፣ ጥቂት ተኮራርፈው የሚደርሱበት ነው። ዕቃው ቮልስ ዋገን ሲሆን ግን ዙሩ የሚጀመረው ከኋላ ነው። ሞተሯ ያለው ከኋላ ነው፤ ሚኒባስ የሚገፈትራት ከኋላ ነው፤ ጭቃ የሚቋጠርባትም ከኋላ ነው። በመሆኑም ቮልስ መግዛትና መሸጥ የለመደ ሰው የሞተሩን ድምፅ ከማዳመጡ በፊት ከኋላ የተጋደመውን ጠባብ ብረት፣ ፓራውልቷን ያያል።

ቃሉ ከጣሊያንኛ የመጣ ነው፤ ግጭት መከላከያ ማለት ነው። ካምቢዮ፣ ፍሪሲዮን፣ ኮፋኖ፣ ማርሚታ፣ ላሜራ ከሚሉት ጋር አብሮ ገብቶ በጋራዦቻችን ቀርቷል። ብረቱን በመዶሻ የሚያቃናው ባለሙያም እስከ ዛሬ ባቲላሜራ ነው የሚባለው።

በኮልፌ ቀራንዮ ክፍለ ከተማ ከ18 ማዞሪያ እስከ አጠና ተራ፣ ከዚያም ወደ ጦር ኃይሎችና ወደ አየር ጤና በሚወስዱት መንገዶች ውስጥ ለውስጥ ከቆርቆሮ አጥር ጀርባ ይህ ሥራ ይሠራል። ሠፈሩ ለሥራው የሚመቸው ያለ ምክንያት አይደለም። በምሥራቅ በኩል መርካቶ አጠገቡ ነው፤ ብሎኑም፣ ላሜራውም፣ ቀለሙም፣ አሮጌ ዕቃውም ከዚያ በጋሪ ሳይቀር ይመጣል። በምዕራብ በኩል ደግሞ የጅማው መንገድ በአየር ጤና በኩል ያልፋል። መንገደኛ መኪና ባለበት ብየዳ አይጠፋም። የኮልፌ ባቲላሜራ እጁን የፈታው በጭነት መኪናና በሚኒባስ ነው፤ ለቮልስ የሚሆነው ትዕግሥት የመጣው በኋላ ነው።

ቮልስ እንዴት ዕቃ ሆነች?

ከሃያና ከሠላሳ ዓመት በፊት አሮጌ ቮልስ የደሞዝተኛ መኪና ነበረች። መምህሩ፣ የባንክ ሠራተኛው፣ ጡረታ የወጣው መኮንን ይይዟት ነበር። ሞተሯ በአየር የሚቀዘቅዝ በመሆኑ ራዲያተር የላት፣ የሚፈላ ውኃ የላት፤ ሞተሩ ከካምቢዮው ጋር የተያያዘው በአራት ማሰሪያ ስለሆነ ወርዶ ተጠግኖ ለመመለስ ብዙ ቀን አይወስድም። ለታሪክ ፈላጊ ደግሞ ሌላም አለ። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. አፄ ኃይለ ሥላሴ ከኢዮቤልዩ ቤተ መንግሥት የተወሰዱት በቮልስ ዋገን ነበር። ሁለት በር ብቻ ያላት መኪና በመሆኗ ንጉሠ ነገሥቱ ከኋላ ለመቀመጥ የፊቱ ወንበር መታጠፍ ነበረበት። ያን ቀን ያዩ ሰዎች ቮልስን ሲያነሱ ይህን ሳይናገሩ አያልፉም።

ከናፍቆቱ ይልቅ ገበያውን ያንቀሳቀሰው ግን መንግሥት ያወጣቸው ደንቦች ናቸው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 ዕድሜያቸው በገፋ መኪኖች ላይ ከባድ ታክስ ጣለ፤ ያገለገለ መኪና ከውጭ ማስገባት ለተራው ገዢ የሚቀመስ አልሆነም። በጥር ወር 2016 ዓ.ም. ደግሞ የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስቴር በኤሌክትሪክ ከሚሠሩት በቀር ሌሎች አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መወሰኑን አስታወቀ። በዚያው ዓመት ሐምሌ 22 ቀን የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ተደረገ።

የሦስቱ ድምር ውጤት ለአሮጌ ነገር ባለቤቶች ግልጽ ነው። በቤንዚን የሚሠራ መኪና ከውጭ መተካት ሲያስቸግር አገር ውስጥ ያለው ሁሉ ክብር ያገኛል። ቮልስ ደግሞ ከሁሉም ይልቅ የማትተካ ናት። በጀርመን ምርቷ ያቆመው እ.ኤ.አ. በ1978 ሲሆን፣ የመጨረሻዋ በሜክሲኮዋ ፑዌብላ ከፋብሪካ የወጣችው ሐምሌ 23 ቀን 1995 ዓ.ም. ነበር። በዓለም ላይ ከ21 ሚሊዮን በላይ ተሠርታለች። አዲስ አበባ ያለው ቁጥር ግን በየግጭቱና በየዝገቱ ይቀንሳል እንጂ አይጨምርም። አቅርቦቱ የተዘጋ ዕቃ ነው ማለት ነው። አቅርቦት ከተዘጋ ደግሞ ዋጋውን የሚወስነው ፍላጎትና የዕቃው ይዞታ ብቻ ይሆናል። ይዞታዋ የሚለካው በምን እንደሆነ የሚያውቅ ሰው ይጠቀማል፤ የማያውቀው ይከፍላል።

«60 ሞዴል» ሲባል የማን 60?

የኋላ ፓራውልት ሁሉ አንድ አይደለም። እ.ኤ.አ. እስከ 1967 አጋማሽ ድረስ የተሠሩት ቮልሶች ጫፍና ጫፉ ጎበጥ ያለ ጠባብ ፓራውልትና ቀጥ ብለው የቆሙ ሁለት ጉጦች ነበሯቸው። ለአሜሪካ ገበያ የተሠሩት ደግሞ ከጉጦቹ በላይ ተጨማሪ ቱቦ ተጋድሞባቸዋል። ከኦገስት 1967 ጀምሮ ግን ፋብሪካው ፓራውልቱን ሰፊ፣ ጠፍጣፋና ከፍ ያለ አደረገው። ከእሱም ጋር የሞተሩ ኮፋኖና ከሥሩ ያለው ላሜራ አጠር አሉ። ፓራውልቱን የሚሸከሙት መያዣ ብረቶች የሚወጡበት የፓራፋንጎ ቀዳዳም ቦታው ተቀየረ።

አዲስ አበባ ውስጥ ይህ ልዩነት አንድ አስቂኝ ጣጣ አለው። ደላላው «60 ሞዴል» ሲል እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ይሁን እንደ እኛ ብዙ ጊዜ አይታወቅም። 1960 እንደ ፈረንጅ ከሆነ መኪናዋ ጎባጣ ፓራውልት ሊኖራት ይገባል። 1960 ዓ.ም. ከሆነ ግን ፋብሪካው ፓራውልቱን ከለወጠ በኋላ የወጣች ናት። የሰባትና የስምንት ዓመቱ ልዩነት የወደቀው በትክክል በለውጡ ወሰን ላይ ነው። ስለዚህ ሊብሬው ላይ ያለውን ቁጥር ከማመን በፊት ፓራውልቱን፣ ኮፋኖውንና የፓራፋንጎውን ቀዳዳ ማስተያየት ይበጃል። ሦስቱ እርስ በርስ ካልተስማሙ መኪናዋ ከሁለት መኪና ተቀጣጥላለች፣ ወይም አንድ ሰው እንድታምር ብሎ ለውጧታል።

ለማሳመር የሚደረገው ለውጥ በአብዛኛው ወደ ኋላ የሚሄድ ነው። ብዙ ሰው ጎባጣውን ፓራውልት ይወዳል፤ የ1970ዎቹን ቮልስ የ1950ዎቹ ማስመሰል ይፈልጋል። ይህን ለማድረግ ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው አሮጌውን ቀዳዳ በብየዳ ደፍኖ አዲስ ቀዳዳ መብሳት ነው። ሁለተኛው ፓራፋንጎውን ሳይነኩ የተቆለመመ መያዣ ብረት አሠርቶ በነበረው ቀዳዳ ማውጣት ነው። የመጀመሪያው ሲያዩት ንጹሕ ነው፤ ግን መመለሻ የለውም። የተበየደበት ቦታ ከውስጥ በኩል ጸረ ዝገት ካልተቀባም በሁለት ክረምት ውስጥ ዝገቱ ከቀለሙ ሥር አረፋ ይሠራል። ሁለተኛው ትንሽ ወጣ ብሎ ይታያል፤ ሆኖም ነገ «እንደ ፋብሪካዋ ትሁንልኝ» የሚል ገዢ ቢመጣ በአራት ብሎን ይፈታል። በነጋዴ ዓይን ሲታይ ሁለተኛው ይሻላል። ገበያው ለየትኛው ዓይነት የበለጠ እንደሚከፍል በእርግጠኝነት መናገር በማይቻልበት ጊዜ መመለሻውን መንገድ ክፍት መተው ራሱ ዋጋ አለው።

ከሁሉም የከፋው ፓራውልቱን ጨርሶ አውጥቶ ማርሚታውን ራቁቱን ማስቀረት ነው። የወጣቶች ፋሽን ነው፤ የስፖርት መኪና ያስመስላል ይባላል። የአዲስ አበባ መንገድ ግን የሚገፈትር መንገድ ነው። ፓራውልት በሌላት ቮልስ ላይ የመጀመሪያው ምት የሚያርፈው በማርሚታው፣ ቀጥሎ በሞተሩ ዙሪያ ባለው ላሜራ ላይ ነው። የአንድ ብረት ጉዳት የነበረው የሞተር ሥራ ይሆናል።

መዶሻው፣ ስቱኮውና ማግኔቱ

የተጨረመተ ፓራውልት ኮልፌ ሲገባ መጀመሪያ የሚጠየቀው ይቃና ወይስ ይተካ የሚለው ነው። ጥሩ ባቲላሜራ ከሥር በብረት ደግፎ ከውጭ በመዶሻ ቀስ እያለ ያወጣዋል። የቸኮለው ደግሞ ጥቂት ካቃና በኋላ ጉድጓዱን በስቱኮ ሞልቶ፣ በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍጎ፣ ብርማ ቀለም ረጭቶበት ያስረክባል። ሁለቱም ከሁለት ሜትር ርቀት ሲታዩ አንድ ናቸው። የተለያዩት በዋጋና በዕድሜ ነው። ፓራውልት ይንቀጠቀጣል፣ ይመታል፣ ከማርሚታው ሙቀት አጠገብ ይኖራል። ስቱኮ ደግሞ ንቅናቄ አይወድም፤ ይሰነጠቃል፤ በስንጥቁ ውኃ ይገባል፤ ከዚያ በኋላ የቀረው ሥራ የዝገት ነው።

ይህን ለማወቅ የምሕንድስና ትምህርት አያስፈልግም። ከአሮጌ ድምፅ ማጉያ የወጣች ትንሽ ማግኔት ትበቃለች። በብረቱ ላይ ስትንሸራተት ጥብቅ ብላ ቆይታ አንድ ቦታ ከላላች ከሥሩ ስቱኮ አለ። ከዳር እስከ ዳር ጨርሶ ካልያዘች ፓራውልቱ ፋይበር ነው፤ አለዚያ ደግሞ አይዝጌ ከሚባለው ብረት የተሠራ ነው። ቬትናም ውስጥ በአይዝጌ ብረት ለአሮጌ መኪኖች ፓራውልት የሚሠሩ አሉ። እሱ ነውር የለበትም፤ አይዝግም። ግን የፋብሪካው ዕቃ አይደለምና «ኦሪጅናል» ተብሎ ሊሸጥ አይገባም።

ሁለተኛው ምርመራ ተንበርክኮ ከጀርባ ማየት ነው። ፊቱን ያሳመረ ባለሙያ ጀርባውን ይረሳል። የመዶሻ ምት፣ የብየዳ ጠባሳ፣ የቀለም ፍሳሽ ሁሉ እዚያ ነው። የፋብሪካው ብሎን ራሱ ክብ፣ አንገቱ አራት ማዕዘን የሆነ ነው። በቦታው ባለ ስድስት ጎን ተራ ብሎን ከተገኘ ፓራውልቱ አንድ ጊዜ ወርዷል ማለት ነው፤ መቼና ለምን የሚለውን መጠየቅ የገዢው ፈንታ ነው።

አሜሪካዊው የኢኮኖሚክስ ሊቅ ጆርጅ አከርሎፍ እ.ኤ.አ. በ1970 ባሳተሙት ጥናት ምሳሌ ያደረጉት ይህንኑ ያገለገለ መኪና ገበያ ነበር። ሻጭ የሚያውቀውን ገዢ ካላወቀ፣ ገዢው ለመልካሙም ለብልሹውም አማካይ ዋጋ ይሰጣል። መልካሙን የያዘ ባለቤት በዚያ ዋጋ አልሸጥም ብሎ ከገበያው ይወጣል። የሚቀረው ብልሹው ነው። እኚህ ምሁር በዚሁ ዘርፍ ባደረጉት ምርምር እ.ኤ.አ. በ2001 የኖቤል ሽልማት ተካፍለዋል። መርካቶም ሆነ ኮልፌ ለሚውል ደላላ ነገሩ ድሮም የታወቀ ነው። ልዩነቱ እሱ ከዚያ ኮሚሽን መውሰዱ ብቻ ነው።

የሚያብረቀርቀው ሁሉ ኒኬል የለውም

ዋናው ገንዘብ ያለው ማሳመሪያው ላይ ነው። የቆየ ፓራውልት ሲወለወል የሚያብረቀርቀው ክሮም ነው። ክሮሙ ግን እጅግ ስስ ነው። ለጌጥ የሚነከር ክሮም ውፍረቱ የአንድ ሚሊ ሜትር አንድ ሺኛ እንኳ አይሞላም፤ የዚያ ሩብና ግማሽ ያህል ነው። ውኃን የሚከላከለውም እሱ አይደለም። ብረቱን ከዝገት የሚጠብቀው ከክሮሙ ሥር ያለው ኒኬል ነው፤ እሱ ከሃያ ማይክሮን በላይ ሲሆን ይበረክታል። ከኒኬሉ ሥር ደግሞ መዳብ አለ፤ መዳቡ የዝገት ቀዳዳዎችን እየሞላና እየተወለወለ ገጹን ያስተካክላል።

ሥራው በቅደም ተከተል የሚሄድ ነው። አሮጌው ክሮም ይወልቃል፤ ብረቱ ይቃናል፤ ይፈገፈጋል፤ መዳብ ይነከራል፤ ይወለወላል፤ ኒኬል ይነከራል፤ በመጨረሻ ለጥቂት ደቂቃ ክሮም ገንዳ ውስጥ ይገባል። በተለመደው ገንዳ በአንድ ሊትር ውኃ 250 ግራም ያህል ክሮሚክ አሲድ ይኖራል፤ ሰልፈሪክ አሲዱ የዚያ መቶኛ ነው። ሙቀቱም ከ40 እስከ 50 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ውስጥ መጠበቅ አለበት። ከዚህ ውስጥ ደንበኛው የሚያየው የመጨረሻውን ብቻ ነው። ሒሳብ ለመቀነስ የፈለገ ሰው የሚቀንሰውም የማይታየውን ነው፤ መዳቡን ይዘላል፣ ኒኬሉን ያሳንሳል። ዕቃው ሲረከቡት መስታወት ይመስላል። ሐምሌና ነሐሴ ካለፉ በኋላ ግን የመርፌ ቀዳዳ የሚያህሉ ቡናማ ነጥቦች ብቅ ይላሉ፤ ከዚያም ክሮሙ እንደ ሽንኩርት ይላጣል።

ሌላው ጠላት መብራት ነው። ሥራው የሚሠራው በቀጥተኛ ኤሌክትሪክ ነው። ኒኬል ገንዳ ውስጥ እያለ መብራት ከሄደ የኒኬሉ ገጽ ይደነዝዛል፤ መብራቱ ሲመለስ የሚያርፍበት አዲስ ንብርብር በደንብ አይያዝም። ሐቀኛ ነካሪ አውጥቶ እንደገና ይጀምራል፤ ያ ደግሞ ኬሚካልና ጊዜ ነው። እንግዲህ ክሮም ነካሪው ጄኔሬተር አለው ወይስ የለውም ብሎ መጠየቅ የጨዋታ ጥያቄ አይደለም።

ክሮም የሚነክር ቤት በየሠፈሩ አይገኝም። የኮልፌው ጋራዥ ብዙውን ጊዜ ራሱ አቃንቶና ፈግፍጎ ለሌላ ይልካል፤ መላኪያው፣ መጠበቂያውና የአማላጁ ድርሻ ዋጋው ውስጥ ይገባል። በዚያ ላይ ሥራው አደገኛ ነው። ከገንዳው የሚነሳው ስድስት ቫሌንት የሚባለው ክሮምየም ለሳንባ ካንሰር እንደሚዳርግ በዓለም አቀፍ ደረጃ የተረጋገጠ ነው። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ ያለ ልዩ ፈቃድ እንዳይሠራበት አድርጓል። ከቆዳ ማልፊያው ክሮምየም ይህኛው የባሰ መርዝ ነው። ያለ አየር ማስወጫና ያለ ጓንት የሚሠራ ነካሪ፣ አጣቢውንም ውኃ ወደ ቦይ የሚለቅ፣ በርካሽ የሚሠራው ወጪውን ለራሱ ሳንባና ለትንሹ አቃቂ ወንዝ አስተላልፎ ነው።

ክሮም ካልሆነ ቀለም አለ። ብዙ ሰው ቀለም የተቀባ ፓራውልት ሲያይ «ተሸፋፍኗል» ይላል። ሁልጊዜ ግን እውነት አይደለም። ፋብሪካው ራሱ ርካሹን፣ ስታንዳርድ የሚባለውን ሞዴል ያወጣ የነበረው በቀለም በተቀባ ፓራውልት ነበር። በመሆኑም ተጠርቦ፣ በጸረ ዝገት ተይዞ፣ በሁለት ንጥረ ነገር በሚደባለቅ ቀለም የተረጨ ብረት ለቮልስ ባዕድ አይደለም። ኒኬሉ ከተሰረቀ ክሮም ይልቅ እንዲህ ያለው ሐቀኛ ቀለም ይበረክታል፤ ሲጫርም እዚያው ሠፈር ይጠገናል። ሊሸጥ ላሰበ ሰውም ይህ መንገድ የሚናቅ አይደለም፤ ክሮሙን ገዢው በራሱ ገንዘብ ያስነክር ዘንድ ብረቱ ጤነኛ ሆኖ ይቆየዋል።

ሒሳቡ

ከውጭ ማስመጣት የሚያስብም አለ። ለስሌት ያህል አንድ አዲስ ቅጂ ፓራውልት በውጭ ገበያ 150 ዶላር ነው እንበል። አንድ ዶላር 57 ብር ገደማ በነበረበት ጊዜ፣ ማለት ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. በፊት፣ ይህ 8,550 ብር ነበር። በ2017 ዓ.ም. ምንዛሪው 130 ብር በደረሰበት ወቅት ያው ዕቃ 19,500 ብር ሆነ። ማጓጓዣ፣ ቀረጥና 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ ገና አልተነሱም። የባቲላሜራው የእጅ ዋጋም ከኑሮው ጋር አብሮ መጨመሩ አልቀረም፤ ቢሆንም በዶላር አይከፈልምና የምንዛሪውን ፍጥነት አልተከተለም። ውጤቱ ቀላል ነው። ድሮ «ጣለውና አዲስ አስመጣ» ይባልለት የነበረ ብረት ዛሬ ይቃናል። የኮልፌ ባቲላሜራ ሳያስበው ከውጭ ዕቃ የሚጠብቅ አጥር ተሠርቶለታል።

ከዲያስፖራ ዘመድ ጋር በሻንጣ ላስልክ ለሚለውም አንድ ችግር አለ። ፓራውልቱ ከዳር እስከ ዳር የመኪናዋን ወርድ ያህላል፤ የቮልስ ወርድ ደግሞ አንድ ሜትር ከ54 ሳንቲ ሜትር ነው። አየር መንገዶች ለአንድ ሻንጣ የሚፈቅዱት ቁመት፣ ወርድና ከፍታ ተደምሮ 158 ሳንቲ ሜትር ነው። ስለዚህ ዘመድየው ጉጦቹን፣ ብሎኖቹንና ጎማዎቹን ያምጣ፤ ዋናው ብረት ግን ከመጠን በላይ ተብሎ ይከፈልበታል።

አገር ውስጥ አሮጌ ፓራውልት የሚፈልግ ሰው እግሩ ወደ መርካቶ ማምራቱ አይቀርም። በመኪና ዕቃ ስሙን ያተረፈው ሶማሌ ተራና አሮጌ ብረት የማይናቅበት ምናለሽ ተራ ለዚህ ሲጠሩ ኖረዋል። እዚያ ደረሰኝ መጠየቅ ገዢን ሊያስቅ ይችላል፤ ግን የተሰረቀ ዕቃ ገዝቶ ፖሊስ ጣቢያ መቆም አያስቅም። ቢያንስ ሻጩን የሚያውቅ ሰው ይዞ መሄድ ደግ ነው።

ለውጡ ሲያልቅ የቢሮ ሥራ ይቀራል። ሊብሬው ላይ የመኪናዋ ቀለም ተመዝግቧል። ፓራውልቱን ብቻ መቀባት ብዙም ጣጣ የለውም፤ አብሮ የመኪናዋን ቀለም የለወጠ ግን አስታውቆ ማስመዝገብ ይኖርበታል። ይህን የዘነጋ ባለቤት የሚያስታውሰው ቦሎ ሊወስድ ምርመራ የገባ ቀን፣ የባሰም ሲሆን ስም ሊያዛውር ገዢ ይዞ የቀረበ ቀን ነው። ታርጋውን የሚከልል ወይም ጫፉ ስለት የሆነ ጌጥ ከኋላ ማስበየድም በምርመራ ቦታ ያስመልሳል።

ከቮልስ በኋላ

ይህ ሥራ በቮልስ ብቻ አይቆምም። በሰማያዊና ነጭ ቀለም አዲስ አበባን ያመላለሱት ፊያት 600 እና ላዳዎች እነሱም ብረት ፓራውልት ያላቸው ናቸው። ፊያት 600 እንደ ቮልስ ሞተሯ ከኋላ ነው። የመጀመሪያዎቹ ላዳዎች የፊያት 124 ልጆች ሲሆኑ ፓራውልታቸው ክሮም ነበር። ከታክሲነት ወጥተው በየግቢው የቆሙትን ዛሬ በብረት ዋጋ የሚሸጥ ሰው ነገ ሊቆጭ ይችላል፤ ቮልስም አንድ ጊዜ እንዲሁ ነበረች።

በሌላ በኩል የቮልስ ዋገን ስም በአዲስ አበባ ሌላ መልክ ይዞ ተመልሷል። ኩባንያው ጥር 20 ቀን 2011 ዓ.ም. በኢትዮጵያ የመኪና ኢንዱስትሪ ለማልማት የመግባቢያ ሰነድ ተፈራርሞ ነበር። በመንገዱ ላይ የታዩት ግን ከቻይና በአስመጪዎች በኩል የገቡት አይዲ 4 እና አይዲ 6 የተባሉት የኤሌክትሪክ መኪኖቹ ናቸው። የእነዚህ ፓራውልት ፕላስቲክ ነው፤ ከጀርባውም የርቀት መለኪያ ሴንሰሮች አሉበት። መዶሻ አያውቅም። ሲሰነጠቅ በሙቀት ይበየዳል፣ ፕላስቲክ በሚይዝ ልዩ ሥረ ቀለም ይቀባል፤ ቀለሙ ከወፈረ ደግሞ ሴንሰሩ በትክክል ላያይ ይችላል። ኮልፌ ውስጥ ይህን የተማረ ወጣት ለነገ እንጀራ አለው። ብረቱን የሚያቃናው ሽማግሌ ደግሞ እጁ እየተወደደ ይሄዳል፤ የሚተካው ተለማማጅ ግን እያነሰ ነው።

ጋራዥ ለሚገባ ባለ ቮልስ የቀረው ነገር ከሥራው በፊት መነጋገር ነው። ክሮም ከሆነ መዳቡና ኒኬሉ መኖራቸውን በጽሑፍ ማስፈር፣ ክረምት እስኪያልፍ ዋስትና መጠየቅ፣ ከክፍያው የተወሰነውን እስከ ርክክብ ማቆየት የተለመደ መሆን አለበት። ፓራውልቱ በሌላ የሚተካ ከሆነ ደግሞ የወረደው አሮጌ ብረት የማን እንደሆነ ቀድሞ ይወሰን። ባለቤቱ ካልጠየቀ ጋራዡ ጥግ ላይ ይቆምና አንድ ቀን ቁራሌው ሲያልፍ በኪሎ ይሸጣል። ጎባጣ፣ የተጨረመተና የዛገም ቢሆን የፋብሪካው ብረት ነው፤ በጆንያ ጠቅልሎ ከአልጋ ሥር ያስቀመጠው ባለቤት መኪናዋን በሚሸጥበት ቀን አውጥቶ ከኋላ ወንበር ላይ ያጋድመዋል።